የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያና የጥገና ውሉ

የንግድ ቤት የቴክኖሎጂ ጥገና በራስ ሠራተኛ ይያዝ ወይስ ለውጭ ባለሙያ በውል ይሰጥ የሚለው ጥያቄ፣ በኢትዮጵያ ቢያንስ ለአንድ መሣሪያ በሕግ ተመልሷል። መሣሪያው ነጋዴው ካሽ ሬጅስተር ወይም ካሽ ማሽን የሚለው፣ ሕጉ ደግሞ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ብሎ የሚጠራው ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከጎፋና ከመካኒሳ መደብሮች እስከ ጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የምድር ወለል ሱቆች ድረስ ገንዘብ በሚከፈልበት ጠረጴዛ ላይ ይገኛል።

የታሪኩ መነሻ የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። አዋጅ ቁጥር 285/1994 በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል፣ ነጋዴው ታክሱን ከገዢው ሰብስቦ ለመንግሥት የማስገባት ኃላፊነት ተጣለበት። ማስረጃው በእጅ የሚጻፍ ደረሰኝ ነበር። እንዲህ ያለ ደረሰኝ ጨርሶ ሳይቆረጥ ሊቀር፣ ቢቆረጥም በገዢው ቅጂና በቀሪው ላይ የተለያየ ዋጋ ሊሰፍርበት ይችላል። ይህን ቀዳዳ ለመድፈን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 139/1999 በመሣሪያው መጠቀምን ግዴታ አደረገ። ማስፈጸሙ በኢትዮጵያ ገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በገቢዎች ሚኒስቴር እጅ ሆነ።

መሣሪያው ከተራ የሂሳብ ማሽን የሚለየው በውስጡ ባለው ፊስካል ሜሞሪ ነው። የዕለቱ ሽያጭ ሲዘጋ የሚወጣው ዜድ ሪፖርት በዚህ ሜሞሪ ይመዘገባል፤ አንዴ የገባውን መሰረዝም ሆነ ማረም አይቻልም። ከመሣሪያው ጋር የተያያዘው ተርሚናል ደግሞ መረጃውን በሞባይል ኔትወርክ ለግብር ሰብሳቢው ያስተላልፋል። እያንዳንዱ ደረሰኝ የነጋዴውን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የመሣሪያውን መለያ ይዞ ስለሚታተም የትኛው ሽያጭ በየትኛው መሣሪያ እንደተመዘገበ ይታወቃል።

ጥገናው ከነጋዴው እጅ የወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። መሣሪያው በባለቤቱ ሽያጭ ላይ የሚመሰክር ነው፤ ምስክሩን ከፍቶ የሚጠግነው ባለጉዳዩ ራሱ ከሆነ ምስክርነቱ አይታመንም። ስለዚህ ሕጉ ሥራውን ለሦስት ወገኖች አከፋፈለው፦ ዕውቅና የተሰጠው አቅራቢ ይሸጣል፤ የአገልግሎት ማዕከል ይጠግናል፣ በዓመት አንዴም ይመረምራል፤ ነጋዴው ይጠቀማል። የግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ይህን ክፍፍል በቅጣት አጸናው። የጸና የአገልግሎት ውል ሳይኖረው በመሣሪያው የሚጠቀም 25,000 ብር፣ ፊስካል ሜሞሪውን የሚያበላሽ ወይም የሚቀይር 100,000 ብር እንዲቀጣ ደነገገ። መሣሪያው በብልሽት ሲቆም ነጋዴው በአራት ሰዓት ውስጥ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ እስኪጠገን ድረስም በተፈቀደ የእጅ ደረሰኝ ይሸጣል።

ግዴታው የምርጫን በር ሁሉ አልዘጋም። ብልሽት በገበያ ሰዓት ሲደርስ ቴክኒሻኑ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ መለዋወጫ በእጁ እንዳለ፣ ክፍያው በዓመት ይሁን በጥሪ የሚወስነው ውሉ ነው። ለቡ ወይም ጀሞ ላይ ያለ ሱቅ ማዕከሉ መሀል ከተማ ከሆነ የመንገዱን መጨናነቅም አብሮ ሊያስብ ይገባል። ውሉን ከቅጣት ለማምለጥ ብቻ የፈረመ ነጋዴ ወረቀት ይኖረዋል እንጂ አገልግሎት አይኖረውም።

በብዙ ንግድ ቤቶች ከካሽ ማሽኑ ጎን ኮምፒውተር አለ። በላዩ ላይ ፒችትሪ ወይም ሌላ የሂሳብ ፕሮግራም ይሠራል፤ በሱፐርማርኬትና በሆቴል ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ፊስካል ሜሞሪ ካለው ፕሪንተር (ፊስካል ፕሪንተር) ጋር ተያይዞ ሽያጭ ይመዘግባል። በዚህ ጊዜ የጥገናው ድንበር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል፦ ፕሪንተሩ የአገልግሎት ማዕከሉ ነው፤ ኔትወርኩ፣ የዕቃ መዝገቡና የመረጃ ቅጂው የንግድ ቤቱ ኃላፊነት ነው። እዚህ ላይ ውሳኔው የነጋዴው ነው። ብልሽት በወር አንዴ እንኳ የማያጋጥመው ሱቅ የሙሉ ጊዜ ባለሙያ ደመወዝ መክፈሉ አያዋጣውም፤ በጥሪ የሚመጣ ቴክኒሻን ይበቃዋል። ብዙ ቅርንጫፍ ያለውና ኮምፒውተሩ ሲቆም ሽያጩም የሚቆምበት ድርጅት ግን ቢያንስ አንድ የራሱ ሰው ያስፈልገዋል።

በራስ ሰው ወይስ በውጭ ባለሙያ የሚለው ጥያቄ በአገር ደረጃም ተነሥቶ ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም ኅዳር 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲቋቋም መንግሥት አመራሩን ለሁለት ዓመት በውል ለፍራንስ ቴሌኮም ሰጠ፤ ውሉ ሲያበቃ አመራሩ ወደ ኢትዮጵያውያን ተመለሰ። የሱቁና የቴሌኮሙ ስፋት ባይገናኝም መሠረቱ አንድ ነው፤ ሥራው ለተወሰነ ጊዜ በሌላ እጅ ሊሠራ ይችላል፣ ዕውቀቱ ግን የባለቤቱ ሆኖ መቅረት አለበት።

ለንግድ ቤት የዚህ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ጥገናው በሕግም ሆነ በፈቃድ ለውጭ ባለሙያ ቢሰጥ፣ የይለፍ ቃሉ፣ የሂሳብ መረጃው ቅጂ፣ የዜድ ሪፖርቶቹና የምርመራ መዝገቡ በባለቤቱ እጅ ይቀመጣሉ፤ ብልሽትን ለይቶ በሰዓቱ የሚያሳውቅ አንድ ሠራተኛም ከውስጥ ይሠለጥናል። እነዚህን የያዘ ነጋዴ ጠጋኙን ሲቀይር ሥራው አይቆምም፤ ለግብር መሥሪያ ቤቱም በራሱ ማስረጃ መልስ ይሰጣል።