ካርኒው ምን ይላል? ከሞጣና ከቢቸና ዓመፅ የምንማረው የሒሳብ ምርመራ

ኅዳር 1960 ዓ.ም. አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። በዚያው ዓመት የጎጃም ገበሬ፣ ከሁሉም ቀድሞ የሞጣና የቢቸና አውራጃ ሰው፣ ገማቾችን አላስገባም ብሎ ጠመንጃ አነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም ጭምር። በመጨረሻ ያፈገፈገው ግን መንግሥት ነበር፤ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም ከጎጃም ተነሡ።

ነገሩ የግብር መብዛት ብቻ ይመስላችኋል? አይደለም። ገበሬው መሬቴ በቀላድ ተለክቶ ርስቴን አጣለሁ ብሎ ሰግቷል። የሹማምንቱ ጉቦና ምዝበራም አንገሽግሾታል። እኛ ዛሬ የምናየው ይኼን ሁለተኛውን ነው።

አዲሱ ግብር አስራትን ተክቶ የመጣ ሲሆን የሚሰላውም በዓመቱ ምርት ግምት ነበር። እስቲ አስቡት፤ ሰው መጥቶ ማሳችሁን አየት አድርጎ ይህን ያህል ኩንታል ይወጣዋል ብሎ ይጽፋል። ትክክል መጻፉን በምን ታውቃላችሁ? የከፈላችሁት ብር ግምጃ ቤት መግባቱንስ?

እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚመረምር ሙያ አለ፤ ፎረንሲክ አካውንቲንግ ይባላል። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1946 በጽሑፍ የተጠቀመበት ሞሪስ ፔሉቤ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ባለሙያ ነው። ሥራው ፍርድ ቤት ሊቀርብ የሚችል ማስረጃ ከሒሳብ ውስጥ ፈልፍሎ ማውጣት ነው።

እንዴት እንደሚሠራ በምናባዊ ምሳሌ እንየው። አንድ ሰብሳቢ 15 ብር ይቀበልና ለከፋዩ የ15 ብር ካርኒ ይሰጣል። ጠራዙ ላይ በሚቀረው ቅጂ ግን 5 ብር ብሎ ይጽፋል፤ ለግምጃ ቤትም 5 ብር ያስገባል። አሁን ጠራዙና የግምጃ ቤቱ መዝገብ ልክክ ብለው ይስማማሉ! ቢሮ ቁጭ ብሎ ሁለቱን ብቻ የሚያመሳክር ሰው ምንም አያገኝም። የጠፋው 10 ብር የሚታየው ከፋዩ ቤት፣ ሣጥን ውስጥ በተቀመጠችው ካርኒ ላይ ነው። ስለዚህ መርማሪው ከቢሮ ይወጣል፤ ሰብሳቢው እጁን ሊያስገባበት ያልቻለውን ወረቀት ይፈልጋል።

ዛሬ ሞጣ ውስጥ ባለ የእህል መጋዘን ወይም ቢቸና ባለ ሆቴል የሠራተኛ ስርቆት ሲጠረጠርም መንገዱ ያው ነው። የደረሰኞቹ ተራ ቁጥር ይታያል፤ ከመካከል የጎደለ ካለ የት ሄደ? ደንበኛውና እህል አቅራቢው እጅ ያለው ደረሰኝ ከድርጅቱ መዝገብ ጋር ይመሳከራል። ዓመቱን ሙሉ እረፍት አልወጣም የሚል ገንዘብ ያዥም ጥያቄ ያስነሣል፤ ትጉህ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ሌላ ሰው ቦታው ላይ ቢቀመጥ የሚገለጥ ነገርም ሊኖር ይችላል። ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይደለም።

ከምርመራው የሚሻለው አስቀድሞ መከላከል ነው። ገንዘብ የሚቀበለው፣ የሚመዘግበውና የሚያመሳክረው ሦስት የተለያየ ሰው ይሁን። ይኼ ሌባን ለመያዝ ብቻ አይደለም፤ ሐቀኛውንም ያድናል እኮ። በ1960 ጎጃም ውስጥ ሐቀኛ ሰብሳቢ አልነበረም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ሕዝቡ በሹማምንቱ ላይ እምነት ካጣ በኋላ፣ ሐቀኛው ራሱን ከሌባው የሚለይበት ምን ማስረጃ ነበረው?

እናንተም ስትከፍሉ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ወስዳችሁም አስቀምጡት። ሌባው ሊያርመው የማይችለው ወረቀት እናንተ እጅ ያለው ነው።