የዕጣን ምስክርነት፦ የኦክሲጅንን ምንጭ ስለ መለየት

የጥንቱን የዕጣን ንግድ ታሪክ የሚያጠና ሰው ከጽሑፍ ማስረጃ ሌላ አንድ ምስክር አግኝቷል፤ ይኸውም ራሱ ሙጫው ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ኤቨርሼድና የሥራ ባልደረቦቹ በግብፅ ኑብያ ከቀስር ኢብሪም የተገኘ ሙጫ በጋዝ ክሮማቶግራፊና በማስ ስፔክትሮሜትሪ መርምረው፣ ቦስዌሊክ አሲዶችን በማግኘታቸው ዕጣን መሆኑን አስታወቁ። ኑብያ የአክሱም ጎረቤት ስለ ነበረች፣ «ዕጣኑ ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ የእኛም ታሪክ ጥያቄ ነው።

ከመልሱ በፊት ግን ምስክሩን መመርመር ይገባል። መሣሪያው የሚነግረን የሞለኪውሉን ክብደት እንጂ ያሳለፈውን ታሪክ አይደለም። ቤታ ቦስዌሊክ አሲድ 456 ይመዝናል፤ በ11ኛው ካርቦን ላይ አንድ ኦክሲጅን ተቀብሎ ሁለት ሃይድሮጅን ሲለቅ 470 ይሆናል። ይህን ኦክሲጅን ያስገባው ማን ነው? ዛፉ ሊሆን ይችላል፤ ውሁዱ በትኩስ ዕጣንም ይገኛልና። አየርና ዘመን ሊሆኑ ይችላሉ። ቤተ ሙከራውም ሊሆን ይችላል።

ከሦስቱ እጅግ የተሰወረው የመጨረሻው ነው። በዕጣን ዘይት የሚገኘው ሊሞኔን (136) ከአየር ጋር ሲዋሐድ ሃይድሮፐርኦክሳይድ (168) ይሆናል፤ ይህም በጋዝ ክሮማቶግራፉ የጋለ መግቢያ ውስጥ ፈርሶ ካርቮንን (150) ሊያስገኝ ይችላል። እንግዲህ መሣሪያው አንዱን ምስክር አጥፍቶ ሌላውን በቦታው ያቆማል ማለት ነው።

ይህን ለመለየት የሚያስችሉ መንገዶች አሉ። አንደኛ፣ ትኩስ ዕጣን በዚያው ሂደት አሳልፎ ማነጻጸር፤ ሁለተኛ፣ ምርመራውን ባልጋለ መግቢያ መድገም፤ ሦስተኛ፣ በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ኦክሲጅን የተጨመረበት ውሁድ ከወላጁ ጋር በአንድ ቅጽበት ከወጣ፣ የተፈጠረው አዮን በሚሠራበት ክፍል ውስጥ መሆኑን መጠርጠር፤ አራተኛ፣ ናሙናውን ኦክሲጅን 18 በሞላበት ዕቃ ውስጥ ማዘጋጀት። በዚህ ጊዜ ከዕቃው አየር የገባ እያንዳንዱ ኦክሲጅን ከተለመደው በ2 ይከብዳልና ራሱን ያጋልጣል።

የብራና መጻሕፍትን የሚመረምር ሊቅ የደራሲውን ቃል ከኅዳግ ማስታወሻና ከገልባጭ ስሕተት ይለያል። ይህ ጥንቃቄ ለሙጫም ይገባዋል። የጥንት ዕጣናችን በባዕድ ቤተ ሙከራ በሚነበብበት በዚህ ዘመን፣ ውጤቱን ከመቀበላችን ወይም ከመንቀፋችን በፊት ልንጠይቅ የሚገባን አንድ ነገር አለ፤ ይህን ኦክሲጅን የጻፈው የማን እጅ ነው?