ወንድምና እህት ኮምፕሬሰር ሊገዙ ወጡ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ወጌ ከኮልፌ ቀራኒዮ ነው፤ ከአየር ጤና ወደ ካራ ቆሬ በሚወስደው የጅማ መንገድ ዳር ስለሚኖሩ አንድ ወንድምና እህት።

መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ፣ አይሱዙ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ ሁሉም ይጋፋበታል። ግራና ቀኙ ቤት ይሠራል፤ ቤት በሚሠራበት ሁሉ ደግሞ ሚስማሩም የፌሮ ቁራጩም መንገድ ላይ ይወድቃል። በየጥቂት ርምጃው አሮጌ ጎማ ቆሞ፣ በነጭ ቀለም «ጎሚስታ» ተብሎ ተጽፎበት የምታዩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ወንድምየው በርና መስኮት የሚሠራ ብረት ሠራተኛ ነው። ግቢው ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ፣ ደጁ ላይ አሮጌ ኮሮላ አለችው። እህቱ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ የምትኖረውም እዚያው ግቢ ነው። የእሷ መኪና ትንሽ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ናት። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ እነዚህ መኪኖች በከተማው እየበዙ መጥተዋል። ስለ ባትሪያቸው ብዙ ተወርቷል፤ ስለ ጎማቸው ግን ብዙም ሲወራ አልሰማሁም። ብዙዎቹኮ ትርፍ ጎማ የላቸውም! ፋብሪካው ቦታና ክብደት ለመቆጠብ ብሎ በምትኩ አንድ ጠርሙስ ማሸጊያ ፈሳሽና አንዲት ትንሽ የጎማ መንፊያ በቦርሳ አድርጎ ያስቀምጣል። የእህት መኪና በሰው እጅ ዞራ የመጣች ስለሆነች ቦርሳውም አልነበራትም።

አንድ ቀን ማለዳ ለሥራ ስትወጣ የኋላ ቀኝ ጎማዋ ተንፍሶ ጠበቃት። ጎሚስታው እስከ ሁለት ሰዓት አይከፍትም። በተነፈሰ ጎማ እንዳትነዳ ደግሞ ቸርኬው ጎማውን ይቆርጠዋል። ሚስማር የበሳው ጎማ ይጠገናል፤ ቸርኬ የበላው ግን ይጣላል። ያን ዕለት ጎማውን አስጠግና አርፍዳ ገባች፤ ማታ ስትመለስም ነገሩን ለወንድሟ አነሳችው።

«ጋሼ፣ ለቤት አንድ መንፊያ ያስፈልገናል።»

«መግዛቱ ካልቀረ ትልቁን ነው የምንገዛው» አለ። «ባለ ታንኩን። የእኔን በር ቀለም ይረጫል፣ የሁላችንንም ጎማ ይነፋል።»

«ታዲያ ጦር ኃይሎች ላይ ጎማዬ ቢተነፍስ ታንክህን በምን ላምጣው?»

ነገሩ ለጎሚስታው ቀረበ። ጎሚስታው ወጣት ነው፤ ነገር ግን እጁ የበሰለ ልጅ ነው። የተጠገነውን ጎማ ዳግም ሊያይላት የሳሙና ውሃ በብሩሽ ቀባው፤ አረፋ አላወጣም። ከዚያ የነፋስ ቱቦውን አንስቶ «ስንት ልሙላ?» አለ።

ወንድም ጎንበስ ብሎ የጎማውን ጎን አነበበና «51 ይላል» አለ።

«እሱ ጎማው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛው ነው፣ ጋሼ። መኪናው የሚፈልገው እዚህ አለ» አለና የሹፌሩን በር ከፈተ። በሩ በሚገጥምበት ምሰሶ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል፦ 250 ኪሎፓስካል። በእኛ መለኪያ 36 ፒኤስአይ ማለት ነው። ባር ከሆነ 2.5። ይህን ወረቀት ሳያዩ ዓመታት የነዱ ስንት ሰዎች አሉ! ጎማ ሲያንሰው ጎንና ጎኑ ያልቃል፣ ይሞቃል፤ ሲበዛበት መሀሉ ያልቃል፣ በእርጥብ አስፋልት ላይም መንገድ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። መንፊያ ከመግዛታችሁ በፊት ያን ወረቀት አንብቡ፤ አደራ። የሚለካውም ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ፣ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ነፋስ ያለበትን ጎማ ለዓለም ገበያ ያበቃው ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል የቤልፋስት የእንስሳት ሐኪም ነው። ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1888 በስሙ አስመዘገበው። ነፋሱን አስገብታ የምትዘጋዋን ቫልቭ ደግሞ የኒው ዮርኩ የሽራደር ቤተሰብ በ1893 አስመዘገበ። ዛሬም ኮሮላውም፣ ሲኖትራኩም፣ የእህት የኤሌክትሪክ መኪናም የሚነፉት በዚያችው ዓይነት ቫልቭ ነው። ስለዚህ መንፊያ ስትገዙ ይገጥም ይሆን ብላችሁ አትጨነቁ። የሚያስጨንቀው ሌላ ነው።

ጎሚስታው ምን አለ መሰላችሁ? «እትዬ፣ ካርቶኑ ላይ 150 ፒኤስአይ ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። የእርስዎ ጎማ 36 ነው የሚፈልገው። 150 ምን ያደርግልዎታል? በደቂቃ ስንት ሊትር ነፋስ ይሰጣል ብለው ይጠይቁ። ስንት ደቂቃ ሳያርፍ ይሠራል ብለውም ይጠይቁ።»

በእኔ እምነት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ግፊትና መጠን ይለያያሉ። ትንሿ መንፊያ ቀጭን ፒስተን ስላላት ብዙ ግፊት መፍጠር አያቅታትም፤ የሚያቅታት ብዙ ነፋስ ማቅረብ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የቪትዝ ዓይነት ትንሽ መኪና ጎማ ውስጡ 25 ሊትር ገደማ ይይዛል። ጭራሽ ከተነፈሰ ተነስታችሁ 32 ፒኤስአይ ለማድረስ ጅቡቲ ባሕር ጠረፍ ላይ 55 ሊትር ያህል የውጭ አየር መሰብሰብ አለባችሁ። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየራችን ሳስቶ ግፊቱ የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ኮልፌ ላይ ያንኑ ጎማ ለመሙላት 70 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ፒስተኑ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው ቀጭን አየር ነው፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ደግሞ ለባሕር ጠረፍ ሰው የተጻፈ ነው።

በደቂቃ 35 ሊትር የሚል መንፊያ ጎማው እየጠነከረ ሲሄድ ፍጥነቱ ስለሚወርድ አራት አምስት ደቂቃ ሊፈጅበት ይችላል። 10 ወይም 12 ሊትር የሚለው ርካሹ ግን አሥር ደቂቃም አይበቃው። ችግሩ ምን ላይ ነው? ብዙዎቹ ርካሽ መንፊያዎች መመሪያቸው ላይ አሥር ደቂቃ ሠርተው እንዲያርፉ ተጽፎባቸዋል። ሲሊንደሩ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ አንዱን ጎማ ሳይጨርስ ሞቶ ይቀራል። እኔ ሲሊንደሩ ብረት ያልሆነውን ለማንም ወዳጄ አልመክርም።

ቅዳሜ ሁለቱ መርካቶ ወረዱ፤ የመለዋወጫው አገር ሶማሌ ተራ። እኔም አብሬ ሄድኩ። ባለ ሱቁ ካርቶን በካርቶን ላይ ደረደረ። «ይሄ 150 ነው፣ እቴ! የጭነት መኪና ይነፋል!»

«በደቂቃ ስንት ሊትር?» አለች እህት።

ባለ ሱቁ ዝም አለና ካርቶኑን አገላበጠ። ከአራቱ ሁለቱ ጨርሶ አልጻፉም። እነሱን ወደ ጎን አስቀመጠቻቸው። ያልጻፈው ቢያኮራው ኖሮ ይጽፈው ነበር አለችኝ፤ እኔም ተስማማሁ።

ቀጥሎ የኤሌክትሪኩ ነገር መጣ። መኪና ውስጥ ባለው የሲጋራ መለኮሻ ቀዳዳ የሚሰካ መንፊያ በ12 ቮልት ነው የሚሠራው። የቀዳዳው ፊውዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 አምፔር ነው፤ ስለዚህ 120 ዋት የሚበላ መንፊያ 10 አምፔር ይስባል፣ ይችለዋል። ከዚያ የሚበልጠው በቀጥታ ባትሪው ላይ በመቆንጠጫ መያዝ አለበት፤ ለኮሮላው ይሆናል። የኤሌክትሪክ መኪና 12 ቮልት ባትሪ ግን ትንሽ ነው። መኪናዋን ለመንዳት እንደተዘጋጀች አብርቶ ትልቁ ባትሪ ትንሹን እየመገበ መንፋት ይሻላል። እህት በቀዳዳ የሚሰካውን መረጠች። በራሱ ባትሪ የሚሠራውንም አየነው፤ ውብ ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ነገር ግን ወራት ተረስቶ ሲቀመጥ ቻርጁ ያልቃል፤ የሚፈለግበትም ቀን ያ ቀን ነው። የሚቸኩልና የሚረሳ ሰው ባለ ገመዱን ይግዛ።

ገመዱን ዘረጋነው። ከሹፌሩ ፊት ተነስቶ የኋላ ጎማ መድረስ አለበት፤ አንዱ አጠረ፣ ቀረ። አፉንም አየችው፤ ቫልቩ ላይ የሚጠመዘዘው አያሾልክም፣ ግን ሲፈታ ትንሽ ነፋስ ያመልጣል። በመቆንጠጥ የሚይዘው ፈጣን ነው፣ ላስቲኩ ሲያረጅ ግን ያሾልካል። የሚጠመዘዘውን ወሰደች። ከመሄዳችንም በፊት ባለ ሱቁን «እዚሁ ሰክተህ አሳየኝ» አለችው፤ አስነስቶ አሳያት።

ሰፈር ስንመለስ ጎሚስታው የራሱን መለኪያ ቀድሞ አስገባ፦ 36። ከዚያ አዲሱን መንፊያ ገጠመ፤ በመንፊያው መስኮት ላይ 39 አለ። «ሦስት ይጨምራል» አለና ካርቶኑ ላይ በእስክርቢቶ ጻፈላት። 36 ስትፈልግ 39 ላይ እንዲቆም ትሞላዋለች። ርካሽ ዲጂታል መለኪያ ሁሉ እንዲህ ነው ለማለት አይደለም፤ ከሚታመን መለኪያ ጋር ሳያስተያዩ ማመን ግን ልክ አይደለም።

ወንድምስ? የእሱ ፍላጎት ቀልድ አልነበረም፤ በር የሚቀባ ሰው ነው። ለጎማ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለ ታንኩን አትግዛ እለው ነበር። ለቀለም ግን ያስፈልገዋል፣ ያውም ካሰበው ይበልጣል። ባለ 24 ሊትሩን ዓይቶ ወዶት ነበር፤ የቀለም መርጫ ግን በደቂቃ ከ150 ሊትር በላይ የሚበላ ብዙ አለ። ሰሌዳው ላይ 200 ሊትር ቢጻፍም ያ ብዙ ጊዜ ፒስተኑ የሚስበው ነው፤ ከታንኩ የሚወጣው ከዚያ በጣም ያንሳል፣ በዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ የአየሩ ክብደትም ይቀንሳል። በመጨረሻ 50 ሊትር ታንክ ያለው፣ በቀበቶ የሚዞር፣ ዘይት የሚጠጣ ገዛ። ዘይት የማይፈልገው ቀላል ነው፤ ጩኸቱ ግን ግቢ ሙሉ ተከራይ ያለበትን ሰው ከጎረቤት ያጣላል።

ጎሚስታው መጥቶ አየለት። መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ገመድ ነበር። ወንድም ኮምፕሬሰሩን ወርክሾፑ ጥግ አቁሞ ከቆጣሪው በቀጭን ማራዘሚያ ሊስብ ነበር። «እንዲህማ አይሆንም፣ ጋሼ። ሞተሩ ሲነሳ ከሥራው ብዙ እጥፍ ነው የሚስበው። በቀጭን ገመድ፣ በዚያ ላይ ማታ መብራት ሲደክም፣ እንዝዝ ብሎ ሳይነሳ ይቃጠላል። ማሽኑን ቆጣሪው አጠገብ ያቁሙትና የነፋሱን ቱቦ ያርዝሙት።» ይህን ምክር ብዙ ሰው ዘግይቶ ነው የሚሰማው።

ከዚያ አስነሳው። ታንኩ 8 ባር ሲደርስ ራሱ ጠፋና «ፍስስ» አለ። ጎሚስታው ጆሮውን አቅንቶ ሰማና ደስ አለው። ያ ድምፅ ፒስተኑ ራስ ላይ የቀረው ነፋስ ሲወጣ ነው፤ ሞተሩ ቀጥሎ ሲነሳ ሸክም አይጠብቀውም። መብራት በሥራ መሀል ከሄደ ግን ፍስስታው የለም። ነፋሱ እዚያው ታፍኖ ይቆያል፤ መብራቱ ሲመለስ ሞተሩ ያንን ገፍቶ ሊነሳ ይታገላል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ በእጅ ማጥፋት ነው። ማጥፊያው ሲወርድ ነፋሱም ይወጣል። በእኛ ሰፈር ይህን ያላወቀ ሰው ሞተር ያቃጥላል።

የታንኩን ሆድ ደግሞ በእጁ ዳሰሰ። ከሥሩ ትንሽ ብሎን አለች። አየር ሲታመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ይሆናል፤ በክረምቱ ወራት በተለይ ብዙ ነው። ካልወጣ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል፣ የዛገ ታንክ ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል። በየማታው ይፈታ፣ ይውጣ። በላዩ ያለችው የደህንነት ቫልቭም በቀለበቷ ስትሳብ ነፋስ ማስወጣት አለባት፤ የማታስወጣ ከሆነ ማሽኑ አይነሳ። ከአሮጌ ፍሪጅ ኮምፕሬሰርና ከጋዝ ሲሊንደር የሚገጣጠመውን ርካሽ ማሽን ወንድም ጠይቆት ነበር፤ ጎሚስታው ያቺ ቫልቭ የሌለችበትን ልጆች በሚሮጡበት ግቢ አላስገባም አለው።

ባለፈው ወንድም በኮሮላው ወደ ጅማ ሊሄድ ሲል ነፋሱን አስተካክሎ ሄደ። ጊቤ በረሃ ሲወርድ 1,100 ሜትር ገደማ ነው፤ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ላይ ሁለት ፒኤስአይ ሊጎድል ይችላል፣ ሙቀቱና መንገዱ ደግሞ መልሰው ይጨምሩበታል። ገና ጊቤ ሳይደርስ ወልቂጤ ላይ አንድ ሰው ጎማውን ነካ ነካ አድርጎ «ሞልቷል፣ ላስተንፍስልህ» አለው። ወንድምም «የሞቀ ጎማ አይተነፈስም፣ ጠዋት ሲበርድ እለካዋለሁ» ብሎ አለፈ። ጅማ አድሮ ማለዳ ለካው። ከእህቱ የተዋሰው መንፊያም ኮሮላው ውስጥ ነበር።