ጉዞና ግዞት፦ የስንዱ ገብሩ የጦርነት ጽሑፍ



ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ አዲስ ዓለምን እናልፋለን። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የዚያ አካባቢ ተወላጅ ናቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ዘምተው ተማረኩ፤ በአዚናራ ደሴትም ታሰሩ። በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት «የልቤ መጽሐፍ» ግጥምና ተውኔት ስለሆነ እኛ የታሪክ ሰዎች ለሥነ ጽሑፍ ክፍል ትተነዋል። ጦርነቱን ሊዘግብ መጥቶ ለወራሪው ያደላውን የእንግሊዛዊውን የኤቭሊን ዎን የጉዞ መጽሐፍ ግን በምንጭነት እንጠቅሳለን። እኔም ለዓመታት እንዲሁ አስተምሬአለሁ፤ ተሳስቻለሁ። እርሱ በፈለገው ቀን ይመለስ ነበር፤ እርሳቸው የተጓዙት በግዞት ነው። ቀንና ቦታ ለማጣራት የተጓዡን ማስታወሻ እንመርምር፤ ወረራው በሰው ልብ ላይ ያሳደረውን ለማወቅ ግን የስንዱን መጽሐፍ በታሪክ ክፍላችን እንክፈት።