ብረት ያልተካው ክፈፍ
የፒያኖ ታሪክ ሲወሳ ዘወትር የሚነሣው የመዶሻውና የአውታሩ ነገር ነው። ቁልፎቹ የሚደረደሩበት የእንጨት ክፈፍ ከዓይን የተሰወረ በመሆኑ እምብዛም አይታወስም። ሆኖም ለመሐንዲስ የሚበጅ ትምህርት አለው።

ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ በፍሎረንስ ለሜዲቺ መሳፍንት የሠራው ፒያኖ እ.ኤ.አ. በ1700 በተጻፈ የንብረት መዝገብ ሰፍሮ ይገኛል። ከእጁ ሥራዎች እስከ ዛሬ ከቆዩት 3 ፒያኖዎች በ2ቱ፣ ክፈፉ ከነቁልፎቹ 4 ሚሊሜትር ያህል ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ያን ጊዜ መዶሻው ከ2 አውታሮች አንዱን ብቻ ስለሚመታ ድምፁ ይለዝባል። እንግዲህ ክፈፉ ቁልፎቹን አጽንቶ መያዝ ብቻ ሳይሆን፣ ራሱም ሳይጣመም መንቀሳቀስ ነበረበት።

ለዚህ የረዳው የእንጨት ጠባይ ነው። እንጨት በእርጥበት የሚያብጠው፣ በድርቀትም የሚኮማተረው ቃጫውን አቋርጦ ሲሆን፣ በቃጫው ርዝመት ግን ለውጡ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ የክፈፉ ረጃጅም አግዳሚዎች ቃጫቸው ከግራ ወደ ቀኝ እንዲሄድ ሆነው ይሠራሉ፤ በላያቸው የተተከሉት የቁልፍ ሚስማሮችም ርቀታቸውን ክረምት ከበጋ ይጠብቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ1825 የቦስተኑ አልፌየስ ባብኮክ ለአንድ ወጥ የብረት ክፈፍ የፈጠራ መብት አገኘ። ከዚያ ወዲህ የአውታሮቹን ውጥረት የመሸከሙ ሥራ ቀስ በቀስ ወደ ብረት ተላለፈ፤ በዛሬው ትልቅ ፒያኖ ውጥረቱ 20 ቶን ገደማ ይደርሳል። የቁልፎቹ ክፈፍ ግን ያን ሸክም ስለማይሸከም በአብዛኛው እንጨት እንደ ሆነ ቀጥሏል።

ከዚህ የምንረዳው፣ አዲስ ቁስ ቀዳሚውን ሊተካ የሚገባው ሥራው በጠየቀው ስፍራ ብቻ መሆኑን ነው። ስለዚህ ንድፍ አውጪ «ብረት ወይስ እንጨት?» ከማለቱ አስቀድሞ፣ «ሸክሙ ምንድር ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።