ከኩሽኔታ እስከ ሊቲየም፦ በቤት የሚሠራ ተሽከርካሪ ሰሌዳ አጭር ታሪክ



የዛሬው ርእሴ በአነስተኛ ወጪ በቤት ውስጥ የሚገጣጠመው የኤሌክትሪክ ስኬትቦርድ ነው። ለታሪክ መምህር አይመጥንም የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ሆኖም የቴክኖሎጂን ታሪክ በፈልሳፊው ብቻ ሳይሆን በጠጋኙም በኩል ስናነበው፣ ይህች ሰሌዳ የምትነግረን ብዙ ነው።

ስኬትቦርድ ራሱ የቤት ሥራ ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የካሊፎርኒያ ወጣቶች የሮለር ስኬት ጎማዎችን ፈትተው በጣውላ ላይ መቱ። በአገራችንም ልጆች ከጋራዥ ደጃፍ የተጣለ ኩሽኔታ ለቅመው፣ በእንጨት ዘንግ ላይ ሰክተው፣ መኪና ሠርተዋል። ኩሽኔታ የሚለው ቃል የጣልያንኛ ውላጅ ነው፤ እንደ ጎማ፣ እንደ ፍሬንና እንደ ካምቢዮ ሁሉ ከመኪናው ጋር አብሮ ገባ። ልጆቹም ዕቃውን ከነስሙ ወርሰው ለራሳቸው አገልግሎት አዋሉት።

የኩሽኔታ መኪና ሞተሩ ቁልቁለት ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ለተቆረቆረችው አዲስ አበባ ቁልቁለት ብርቅ አይደለም። ሐዋሳ ግን በስምጥ ሸለቆ ወለል፣ በሐይቅ ዳር የተዘረጋች ሜዳማ ከተማ ናት፤ ለብስክሌት የተመቸችውም ስለዚሁ ነው። በሜዳ ላይ ወይ ጓደኛ ይገፋል፣ ወይ እግር ይደክማል፣ ወይ ሞተር ይገባል።

ሞተሩን በልጅ እጅ ሊገባ የሚችል ያደረገው ባትሪ ነው። ሶኒ የሊቲየም አዮን ባትሪን እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ አቀረበ። ዛሬ ከተጣለ የላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ገና ያልሞቱ ሴሎች ይገኛሉ፤ አሥሩ በተከታታይ ሲያያዙ 36 ቮልት ገደማ ይሰጣሉ። ይህም አነስተኛ ሞተር ለማሽከርከር ይበቃል።

የታሪኩ እጥፋት እዚህ ላይ ነው። ኩሽኔታ ሲያረጅ ይጮኻል፤ ጆሮ ይሰማዋል፣ እጅም ይዳስሰዋል። የሊቲየም ሴል ግን ጉዳቱን በውስጡ ይሸሽጋል፤ ከ4.2 ቮልት በላይ ከተሞላ ወይም ከተበሳ ድንገት ሊነድ ይችላል። ስለዚህ በጣውላውና በጎማው መቆጠብ ይቻላል፤ ሴሎቹን ከሚጠብቀው ሰርኪውት ግን ሳንቲም መቀነስ አይገባም።

የልጆች ብልሃት ለረጅም ዘመን ከሊቃውንት ምንም ሳይጠይቅ ኖሯል። አሁን ግን መለኪያ መሣሪያና የሚያስረዳ ሰው ያስፈልገዋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ነገ ከየጋራዡ የሚጣለው ኩሽኔታ ብቻ እንደማይሆን እናውቃለን። ያንን ባትሪ ልጆች ማንሳታቸው አይቀርም፤ አባቶቻቸውም ኩሽኔታውን አንስተዋልና። እኔ የምለው፣ ሲያነሱት የቤተ ሙከራዎቻችን በር ክፍት ሆኖ ይቆያቸው ነው። እኛ የታሪክ ሰዎችም የሠሩትን እንመዝግብ፤ የጠጋኝ ታሪክ ካልተጻፈ ከዕቃው ጋር አብሮ ይጣላል።