ከአንድ ጦርነት የተመለሱ ሁለት ብዕሮች

ጦርነት የሰውን ልጅ እውነተኛ ማንነት ያወጣል ይባላል። ግን የትኛውን ማንነት? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ሁለት ደራሲያን የሰጡት መልስ ለየቅል ነው።

እንግሊዛዊው ዊልያም ጎልዲንግ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሕር ኃይልን ተቀላቀለ። በ1944 የኖርማንዲ ዘመቻ ሮኬት ተኳሽ ጀልባ አዘዘ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ መምህርነቱ ተመልሶ በ1954 «የዝንቦች ጌታ»ን አሳተመ። በደሴት ላይ ያለ አዋቂ የቀሩ ልጆች ሁለት ጓደኞቻቸውን እስከ መግደል ይደርሳሉ። ለጎልዲንግ ክፋት የናዚ ብቻ በሽታ አይደለም። በሁላችንም ውስጥ አለ፤ ሕግና ሥርዓት ሲላላ ብቅ ይላል።

ቫሲሊ ግሮስማን ያየው ግን ከዚህም የከፋ ነው። የተወለደው በዩክሬኗ በርዲቺቭ፣ ከይሁዲ ቤተሰብ ነው። በ1941 እናቱ ከከተማዋ ይሁዶች ጋር በናዚዎች ተገደሉ። እሱ «ቀይ ኮከብ» ለተባለው የጦር ሠራዊቱ ጋዜጣ ከስታሊንግራድ ዘገበ። በ1944 ስለ ትሬብሊንካ የሞት ካምፕ የጻፈው በኑረምበርግ ችሎት በማስረጃነት ቀርቧል። ይህን ያየ ሰው በሰው ልጅ ተስፋ ቢቆርጥ ማን ይፈርድበታል?

እሱ ግን አልቆረጠም። «ሕይወትና ዕጣ ፈንታ» በተሰኘው ልብ ወለዱ፣ ስታሊንግራድ ውስጥ የጀርመን ምርኮኞች ከምድር ቤት አስከሬን ያወጣሉ። አንዲት ሴት በቁጣ ነድዳ ወደ አንድ መኮንን ትጠጋለች። ልትመታው ነው ሲባል ከኪሷ ቁራሽ ዳቦ አውጥታ ትሰጠዋለች። ለምን እንደሰጠችው እሷም አታውቅም።

ልዩነቱ የመጣው ከየዋህነት አይደለም። ጎልዲንግን ያስፈራው የሥርዓት መፍረስ ነው። ግሮስማን ያየው ደግሞ ሥርዓት ራሱ ገዳይ ሲሆን ነው፤ ትሬብሊንካ በባቡር መርሐ ግብርና በትእዛዝ ይሠራ ነበር። ስለዚህ ተስፋውን በመንግሥትም በርዕዮተ ዓለምም ላይ አልጣለም። «ለሰው ልጅ መልካም» ተብሎ ሚሊዮኖች ሲያልቁ፣ ማንም ያላዘዘው ተራ ደግነት ብቻ ሳይበከል ተረፈ ይላል።

ይህን ማለቱ ዋጋ አስከፈለው። በ1961 ኬጂቢ ረቂቁን ከካርቦን ወረቀቱና ከታይፕ ሪባኑ ጭምር ወሰደበት። መጽሐፉ ሳይታተም በ1964 ሞተ። በስውር የተቀመጠ ቅጂ ግን ከአገር ወጥቶ በ1980 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ።

ጎልዲንግ በራሳችን እንዳንመካ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያው ትክክል ነው። ግሮስማን የሚጨምርበት አንድ ነገር ነው፦ «እንዲህ ነው ሰው» ብሎ እጅን ማጠብ አይቻልም። ያቺ ሴትም መምታት ትችል ነበር።